በሬ የበላው የከተማ በር

ተረት ተረት ሲባል «የላም በረት» ማለት የለመዳችሁ ልጆች፣ ዛሬ ላሟን ተዉአት፤ ተረቱ የበሬ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ግንብ እንደ መቀነት የዞራት አንዲት ከተማ ነበረች። መግቢያዋ አንድ በር ብቻ ነው፤ ከዝግባ የተጠረበ፣ ሲዘጋ እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግም። ዛሬ ያ በር የለም። አንዱ መጽሐፍ ጠላት አቃጠለው ይላል፤ ሌላው መሬት ተንቀጥቅጦ ጣለው ይላል። ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው መጽሐፍን ብዙ አያምንም። በሩን የወሰደችው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

የከተማዋ ንጉሥ በሩን ከልጆቹ አብልጦ ይወድ ነበር። እንደ ነገሥታት ወግ «ዙፋናችን»፣ «ሠራዊታችን» ይላል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን «በሬ» ነው የሚለው፤ ከገዛ ክብሩ ጋር እንኳ ሊጋራው አይፈልግም። ጠዋት «በሬ ተከፈተ?» ቀትር ላይ «በሬ ተወለወለ?» ማታ «በሬ ተዘጋ?»

ከግንቡ ውጭ ይመኙሻል የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ልጆቿ ገና ናቸው፤ ሀብቷ ዳልቻ የሚባል አንድ ግራጫ በሬ ነው። ጎረቤቷ የራሱን በሬ ከዳልቻ ጋር አቀናጅቶ የእሱንም የእሷንም መሬት ያርሳል። ዳልቻ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም።

ሰኔ ሲገባ ዳልቻን ጎኑን በላው። ሄዶ በንጉሡ በር ታከከ፤ ቀንዱ ዝግባውን ጫረ። ዘበኞች ያዙት።

ይመኙሻል ሄደች።

«ጃንሆይ፣ በሬዬን ይመልሱልኝ።»

«በሬሽ በሬን ወጋ» አለ ንጉሡ። «ችሎት እስኪቀመጥ እኛ ዘንድ ይቆያል።»

ሁለተኛም ሄደች፤ ድንጋይ ተሸክማ።

«ጃንሆይ፣ የእርሻው ጊዜ እያለፈ ነው። ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«በሬሽ በሬን ወጋ። ችሎት ይጠበቅ።»

ስትወጣ ዘበኛው ግራጫ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ሲጎረጉር አየችው።

«ቆዳው ያምራል፤ ከየት ተገኘ?»

«ለንጉሡ ግብር ከታረደው ነው። ምን አገባሽ፣ ሴትዮ?»

የዳልቻ ቆዳ መሆኑን አወቀች። በክርክር ላይ ያለ ከብት ማረድ በአገሩ ሕግ ክልክል ነው። ግን ንጉሥን ማን ሌባ ይለዋል? እሷም አላለችም። ቤቷ ገብታ አሰበች።

በሦስተኛው ጉዞዋ መጥረቢያ የያዙ ገበሬዎች አስከትላ ሄደች። ችሎቱ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ሽማግሌው ዳኛ በቀኝ፣ መኳንንቱ በግራ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ንጉሡ።

«በሬን።»

«በሬዬን» አላለችም፤ ልብ በሉ።

«ጥጃ ብንሰጥሽስ?»

«በሬን።»

«እህልስ?»

«በሬን ብቻ።»

መኳንንቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሁሉም ከዳልቻ ቀምሰዋል። ንጉሡን ደግሞ ቸር መባል አማረው። የተበላ ነገር መስጠት ምን ይከብዳል?

«በይ በሬን ውሰጂ። ብንከለክልሽ ሞተን እንገኝ።»

«ዳኛው ሰሙ?»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ።»

ወደ ገበሬዎቹ ዞረች። «ንቀሉት።»

መጥረቢያው ዝግባው ላይ አረፈ። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«የሰጡኝን እየወሰድኩ ነዋ።»

«እኛ ያልነው በሬውን ነው!»

«እሱም ይሁን። ይምጣልኝ።»

ከመኳንንቱ አንዱ አገሣ።

ዳኛው ጢሙን ዳሰሰ። «ጃንሆይ፣ ያሉት እንስሳውን ከሆነ አሁን ይቅረብ። በሩን ከሆነ ይነቀልላት። አንዱም ካልሆነ በሞትዎ ምለዋልና ... እኔ ምን እላለሁ?»

ንጉሡ በሩን አየ። አንገቱን ዳሰሰ።

«በሩን ነው ያልነው» አለ።

ይመኙሻል ከዝግባው ግማሹን በበሬ ለወጠች፤ ግማሹ ለጎረቤቶቿ ቀንበርና ሞፈር ሆነ። በዚያው ሰኔ መሬቷ ታረሰ፤ በመኸሩም ልጆቿ ጠገቡ።

ንጉሡ ሌላ በር ሊያሠራ ፈልጎ ነበር። ጠራቢዎቹን ጠርቶ «በሬ ...» ብሎ ሲጀምር፣ «የትኛው፣ ጃንሆይ?» ይሉታል፤ ከኋላ ሳቅ ይሰማል። እሱም አፉን ይዘጋል። አፉን እንደዘጋ ሞተ፤ ከተማዋም እንደተከፈተች ቀረች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ምላሳችሁን ጠብቁ።