ቆሻሻውን በአደባባይ የደፋው ሹፌር

አንድ ሹፌር ነበር፤ አጥናፉ ይባላል። ቱርቦ ባላት አሮጌ ሚኒባሱ ከድሬዳዋ ሐረር ይመላለሳል። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ የደንገጎን ዳገት ያውቃል። ልበ ሙሉ መኪና ካልሆነ በቀር ያንን ዳገት አይደፍረውም።

አንድ ቀን አጥናፉ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ወደ ሐረር ሲጣደፍ መኪናዋ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ሰማያዊ ጭስ እየተፋች ቆመች። ሴትየዋ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰዎች ነጠላ ጋርደውላት፣ መንገድ ዳር ወለደች። እግዜር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። አጥናፉ ግን የደረሰበትን ድንጋጤና እፍረት ሊረሳው አልቻለም። «ከዚህ በኋላ የታመመ ሰው ይዤ ዳገት ላይ አልቆምም!» ብሎ ማለ።

በማግስቱ መካኒኳ ወለላ ዘንድ ሄደ። ወለላ ነገር የማታስረዝም፣ እጇ እንጂ አፏ የማይፈጥን ሴት ናት። አየር ስቦ ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ቱርቦ የሚነሳውን ቱቦ ፈታችና ጣቷን አስገብታ አወጣችው። ጣቷ በዘይት ተለውሶ ወጣ።

«ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል» አለችው። «ትንፋሹ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ቱርቦው ደግሞ ያንኑ መልሶ ይስበዋል። መኪናህ የገዛ ግሳቷን እየዋጠች ነው እኮ!»

ቱቦዎቹን አጠበች። ከዚያም አንድ ጠንካራ ቆርቆሮ ጣሳ አዘጋጅታ ውስጡን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ሞላችው። የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ቆርጣ ጣሳውን መሀል አስገባችና ጫፍና ጫፉን ፋሸታ በሚሉት የብረት ማሰሪያ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው።

«ትንፋሹ በዚህ ያልፋል። ዘይቱ ሽቦው ላይ ይቀራል፤ አየሩ ተጣርቶ ይመለሳል። ግን ስማኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍተህ ካልደፋኸው ጣሳው ጌጥ ነው።»

ድሬዳዋ መናኸሪያ ቅዳሜ ጠዋት ሹፌሮች ተሰብስበው መኪና ያጥባሉ። አጥናፉም ጣሳውን ፈትቶ ሲደፋው ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለና የሚሸት ነገር ወረደ። ጥላዬ የሚባል ተረበኛ ሹፌር ከሩቅ አየው።

«አጥናፉ! መኪናህን ተቅማጥ ያዛት እንዴ?» ብሎ ጮኸ። መናኸሪያው በሳቅ ተሞላ። «የእኔን ተመልከት፤ አንዲት ጠብታ አትጥልም!»

እውነቱን ለመናገር የአጥናፉ መኪና ከዚያ ወዲህ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ነበር የምትወጣው። ጭሷም ጠፍቷል። ነገር ግን ሰው ከሞተሩ ድምፅ ይልቅ የጓደኛውን ሳቅ አጥርቶ ይሰማል። አጥናፉ ቅዳሜ ሲደርስ እንደ ሌባ ከግንብ ኋላ ተደብቆ ይደፋ ጀመር።

ሁለት ወር ሆነው። የሰፈሩ እድር ሕመምተኞቹን ሐረር ሆስፒታል የሚያደርስ አንድ መኪና ዓመቱን ሙሉ ሊይዝ እንደሆነና ሽማግሌዎቹ በመጪው ቅዳሜ መኪኖቹን አሰልፈው እንደሚያዩ ተነገረ። አጥናፉ እንደዚህ ሥራ አድርጎ የተመኘው ነገር አልነበረም። የማለውን ቃል የሚፈጽምበት ነበርና።

ዓርብ ዕለት ወለላ ዘንድ መጣ።

«ጣሳውን አውጪልኝ» አላት። «ሽማግሌዎቹ ያን ጉድ ካዩ ማን ይመርጠኛል? የሌሎቹ እኮ ምንም አይደፉም።»

«የሌሎቹ ሞተር አይተነፍስም?»

«ይተነፍሳል።»

«ታዲያ ቆሻሻው የት ገባ?»

ወለላም መፍቻውን አቀበለችውና፣ «እኔ ቆሻሻውን አሳየሁህ እንጂ አልፈጠርኩብህም። መፍታት ከፈለግክ በገዛ እጅህ ፍታው» አለችው።

መፍቻውን ተቀበለ። አንዱን ፋሸታ አላላ። ያኔ ምጥ የያዛት ሴት የወንበሩን ብረት እንዴት ጨምድዳ ይዛ እንደነበር ትዝ አለው። ጥርሱን ነከሰና ፋሸታውን ከበፊቱ አብልጦ አጠበቀው።

ቅዳሜ መኪኖቹ ተሰለፉ። የጥላዬ ሞተር በናፍጣ ታጥቦ እንደ መስታወት ያበራል። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ጋሽ ልሳኑ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና የፈጁ ሰው። አጥናፉ ዘንድ ሲደርሱ እሱ ሳይጠየቅ ጣሳውን ፈታና ሰው ሁሉ እያየው ደፋው። ጥላዬ «የእኔ አንዲት ጠብታ አትጥልም!» ብሎ ሳቀ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ አፍንጫቸውን ያዙ።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?» አሉ ጋሽ ልሳኑ።

«የመኪናዬ ቆሻሻ ነው ጋሽ ልሳኑ። በየሳምንቱ ይወጣል፤ በየሳምንቱ እደፋዋለሁ።»

ሽማግሌው ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አወጡና የሁሉም መኪና የአየር ቱቦ እንዲፈታ አዘዙ። መሐረቡ የአጥናፉ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ትንሽ ወዝ ብቻ ነካው። ጨርሶ ንጹሕ ነበር ማለት አይቻልም። የጥላዬ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ግን ዘይት እያንጠባጠበ ወጣ።

«ጠብታ አትጥልም ያልከው እውነትህን ነው» አሉት ጥላዬን። «ሁሉንም ውጣዋለች።» ወደ አጥናፉም ዞረው፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ቆሻሻውን ፊቴ ለደፋ ሰው ሕመምተኛዬን አደራ እሰጣለሁ» አሉ። ሥራውም የአጥናፉ ሆነ።

ወዳጆቼ፣ የሚተነፍስ ሁሉ ቆሻሻ አለው። ቅናት፣ ቂም፣ ውሸት በየቀኑ ከውስጣችን ይወጣል፤ ካልያዝነውና ካልደፋነው መልሰን የምንውጠው እኛው ነን፤ ዳገት ላይ የሚያቆመንም እሱ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። «አጥፍቻለሁ» የሚል ሰው ስናይ «ይሄስ ጥፋቱ በዛ» ብለን እንስቅበታለን፤ ጥፋቱን የዋጠውን ደግሞ ጨዋ ብለን እናከብረዋለን። ስንቱን ሰው በሳቃችን ጣሳውን አስጥለነው ይሆን?