እትዬ ጃርት እና የዋርካው ሥር ልጆች

ተረት ልንገራችሁ። የቆመ ይቀመጥ፣ የሚያወራም ወሬውን ይዋጥ።

ድሮ ድሮ አውሬው ሁሉ በአንድ አገር ሲኖር፣ ነፋስም ወሬ ሲያመላልስ፣ እትዬ ጃርት የምትባል የትንንሾች አስተማሪ ነበረች። ወላጆች ምግብ ፍለጋ ሲሰማሩ ልጆቻቸውን ዋርካው ሥር ለእሷ ትተው ይሄዳሉ። እሷም ታጫውታቸዋለች፣ ታዘፍናቸዋለች፣ ሲነካከሱ ታስታርቃቸዋለች። ለድካሟም ሲመሽ አንድ ቅል ማር ይሰጣታል።

በዚያ ማር ላይ አያ ዝንጀሮ ዓይኑን ጣለ። ንጉሡ አንበሳ ዘንድ ሄዶ፣ ጃርት ጥላ ሥር ተቀምጣ ስትጫወት ነው የምትውለው፣ ይህንንማ ማንም ይሠራዋል አለ። አንበሳው ከገዛ ደቦሉ ጋር አንድ ቀን እንኳ ውሎ ስለማያውቅ ነገሩን አመነ። በማግስቱ እትዬ ጃርት ተሰናበተች፤ ዝንጀሮም በቦታዋ ተተካ። ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና ከወንዙ ማዶ ወደ ጉድጓዷ ሄደች።

ማረፉስ ጥሩ ነበር፤ ግን እንቅልፍ እንቢ አላት። ጆሮዋ ዋርካው ሥር ቀርቷል።

በመጀመሪያው ቀን ነፋስ እየሳቀ መጣ። ዝንጀሮ ልጆቹን ተጫወቱ ብሏቸው እንደተኛ፣ እነሱም የታዘዙትን አክብረው ጭራውን ከዋርካው ሥር ጋር በሐረግ አስረው እንደተጫወቱ ነገራት። ከዚያ ጆሮው ላይ "ነብር መጣ" አሉት። ዝንጀሮ ዘለለ፤ የጭራው ፀጉር ግን አብሮት አልዘለለም። እትዬ ጃርት እሾኋ እስኪንኮሻኮሽ ሳቀች።

"ስንዱስ እንዴት ናት?" አለች።

"ስንዱ ማናት?" አለ ነፋስ።

ስንዱ የሚዳቋ ግልገል ናት። እናቷን ነብር ከበላባት ወዲህ ዓመት ሙሉ ማንንም አናግራ አታውቅም።

በሁለተኛው ቀን ተራው የከርከሮ ሆነ። ልጆቹን በሰልፍ አቁሞ፣ የተነፈሰ ጥርሴን ያያል አለ። እነሱም ዝም አሉ። ብቻ እሱ ሲያክ አከኩ፣ ሲያነጥስ አነጠሱ፣ ሲቆጣ አፍንጫቸውን እንደሱ ቀስረው ተቆጡ። እኩለ ቀን ላይ ከርከሮ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። እትዬ ጃርት ሳቀች፤ የትናንቱን ያህል ግን አልሳቀችም። ስለ ስንዱ ጠየቀች። ነፋስም አንዲት ትንሽ ልጅ ጥግ ይዛ ማየቱን፣ ማንም እንዳላናገራት ነገራት።

በሦስተኛው ቀን ጦጣ ሾላ በጉያዋ ይዛ መጣች። አርፎ ለተቀመጠ አንድ አንድ አደለች። ሾላው ረፋድ ላይ አለቀ፤ ማረፉም አብሮ አለቀ። ልጆቹ ጨምሪ እያሉ ሲያባርሯት ዋርካው ጫፍ ላይ ወጣች፤ እነሱም ተከትለው ወጡ። ዋርካው ቅርንጫፌን ሰበራችሁት እያለ ቢያጉረመርም ማን ሰምቶት።

ያን ዕለት ነፋስ የመጣው እያለከለከ ነው።

"ያቺ ጥግ የምትቀመጠው ልጅ ጠፍታለች" አለ።

እትዬ ጃርት እሮጣለሁ ብላ አስባ አታውቅም፤ ሮጠች። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ የነብር መውጫ ሰዓት ቀርቧል። አንበሳው ኮረብታው ላይ ቆሞ "አንቺ ሚዳቋ!" እያለ ያገሳል። ስሟን የሚያውቅ አልተገኘማ።

"ጌታዬ፣ ይበቃዎታል" አለችው እትዬ ጃርት። "እርስዎ ባገሱ ቁጥር እሷ ጠልቃ ነው የምትገባው።"

ስንዱ ስትፈራ ጠባብና ጨለማ ቦታ እንደምትወድ ታውቃለች። በቀጥታ ምስጥ በሊታው አዋልዲጌሳ ቆፍሮ ወደ ተወው ጉድጓድ ሄደች። አልተጣራችም። አፉ ላይ ተቀመጠች፣ እሾኋን አጣጠፈች፣ ልጆቹን የምታስተኛበትን ዜማ ቀስ ብላ አንጎራጎረች። ከዚያ "ልግባ ወይስ ትወጫለሽ?" አለች።

አንበሳው ከኋላ ቆሞ እግሩን ይቀያይራል።

"እትዬ፣ ትንሽ ቆዪ" አለ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ።

እትዬ ጃርት ዓይኗን እንባ ሞላው። ቆየች። አንበሳውም ቆየ፤ የአገሩ ንጉሥ አንዲት ግልገል ቆይ ብላው ሲቆም ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው። ስንዱ አፈር እንደለበሰች ወጥታ ከእትዬ ጃርት አጠገብ ተጠጋች።

ሲመለሱ አንበሳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

"አንድ ቅል ማር ለዚህ ሁሉ ድካም አይበቃም። ለምንድን ነው የምትሠሪው?"

"ማሩንስ ቢጨምሩልኝ አልጠላም" አለች። "ግን ይህችን ልጅ ለመስማት ዓመት ሙሉ ጠብቄአለሁ፤ ዛሬ ሰማኋት። ነገ ምን እንደምትል አላውቅም። በጠዋት የሚያስነሳኝ እሱ ነው።"

አንበሳው ማሩን ሁለት ቅል አደረገ። አያ ዝንጀሮንም እትዬ ጃርት ዘንድ እንዲማር ፈረደበት። ዝንጀሮም በደቦሉና በጥንቸሏ ልጅ መካከል ተቀመጠ። ገና በመጀመሪያው ቀን ተራው ሳይደርስ ቢናገር፣ የጥንቸሏ ልጅ አፉን በመዳፏ ያዘችው።

እናንተም ልጆቻችሁን የሚያውልላችሁን ሰው "ምን ሠራህ?" ከማለታችሁ በፊት አንድ ቀን በቦታው ዋሉ። ተረቴ አለቀ፤ አሁን ውኃ አቀብሉኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።