የማዶ ጨው

አንድ ጊዜ፣ ጨው በጠፋበት ዘመን፣ ባንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት አገሮች ነበሩ። ወዲህ ሁሉም የየራሱ አለው። ዋሻው የአንበሳ ነው፤ ሜዳው የአህያ ነው፤ ጥንቡም የጅብ ነው፣ እሱንስ የሚመኝበት የለም። ወዲያ ማዶ ገደሉ ላይ ዝንጀሮዎች ይኖራሉ። እነሱ ዘንድ «የእኔ» የሚባል ነገር የለም። አንዲት እንኮይ የለቀመ እንኳ ወስዶ የጋራው ክምር ላይ ይጥላታል፤ ሲመሽ ለሁሉም እኩል ይታደላል። እርስ በርሳቸው «ጓድ» ይባባላሉ።

ጨው ያለው እዚያ ገደል ውስጥ ነው።

እመት አህዪት ውርንጭላዋ ድንጋይ ሲልስ እያየች ሰንብታለች። ጡቷ ነጥፏል። አንበሳ ሸንጎ ሲጠራ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች።

«ከማዶዎቹ ጋር እንነግድ ወይስ አንነግድ?» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ብድግ አለ። «ምን ሲደረግ! የእኔ የሚለው የሌለው ፍጡር የሌላውን ንብረት በምን ያውቃል? ዛሬ ጨው ይሰጡናል፤ ነገ ዋሻህን የጋራ ነው ብለው ይገቡልሃል፣ ንጉሥ ሆይ!»

«ልጆቻችንንም ያበላሻሉ» አለ ከርከሮ። «የእኔው ልጅ ባለፈው ቆፍሮ ያወጣውን ሥር ለጓደኛው አካፈለ። ከየት ተማረው?»

ሸንጎው በድንጋጤ አጉረመረመ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ፣ ጨው ስልስ ምላሴ ማን ቆፈረው ብሎ አይጠይቀኝም። እኛ ባቄላ አለን፤ እነሱ ጨው አላቸው። እንመናቸው አላልኩም፤ እንነግድ ነው ያልኩት። ቁጥጥሩ ግን ይጥበቅ።»

«እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም» አለች አህዪት። «ልጄ ድንጋይ እየላሰ ነው።»

አንበሳ ፈረደ። ንግዱ ተፈቀደ። ጅብ የሚመጣውን ጨው ይመርምር፤ ቀበሮ የሚሄደውን ባቄላ ይስፈር፤ አህዪት ትጫን ተባለ። የማዶዎቹን ጆንያ እንዴት እንደሚፈትሹ ሲከራከሩ ዋሉ። የራሳቸውን ጆንያ ማን ይፈትሽ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አህዪትም አልጠየቀችም።

ወንዙ ዳር አንዲት ሽበታም ዝንጀሮ ጠበቀቻት። አንድ ጆሮዋ ተቀዷል።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጓድ አህዪት።»

«ኧረ ጓድ አትበይኝ፣ እትዬ! የእኛዎቹ ከሰሙ ጉድ ይፈላብኛል።»

«እህቴ ብልሽስ?»

«እሱ ይሻላል።»

ተሳሳቁ። እትዬ ዝንጀሪት ባቄላውን ተቀብላ ጨዉን እያሸከመቻት፣ «ዋሳችሁ እኔ ነኝ» አለች። «እኛ ዘንድ ባዕድ ያለ ዋስ አይነግድም። ታማኞች ናቸው ብዬ በጉባኤ ፊት ቆሜላችኋለሁ።»

«እኛ ብናጭበረብርስ?»

«እኔ ከመንጋው እወጣለሁ። እኛ ገደሉ ጠርዝ ላይ ተቃቅፈን ነው የምናድረው። የተባረረ ከታች፣ ብቻውን ያድራል። ነብር የሚወስደውም እሱን ነው።» ዞር ብላ ኋላዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስላመንኩሽ ልንገርሽ? አንዳንዴ አንዲት እንኮይ ጉንጬ ሥር እደብቃለሁ። ርቦኝ አይደለም። እንዲያው የእኔ የምላት እንድትኖረኝ። አትንገሪብኝ።»

«አፌ ቁርጥ ይበል!»

ጨዉ ገባ። ውርንጭላው ላሰ። የአህዪት ጡት ወተት አጋተ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ደስታ ደግሞ አፍ ያላላል። አንድ ቀን ከቀበሮ ጋር ስትመለስ፣ «የጋራ፣ የጋራ ይላሉ እንጂ እነሱም ይደብቃሉ እኮ! የእኛዋ ዋስ ጉንጯ ሥር እንኮይ አላት!» ብላ ሳቀች።

ቀበሮ አልሳቀም። ጆሮውን ብቻ ቀሰረ።

ሌላ ቀን ልትጫን ስትመጣ አያ ጅቦን ጆንያው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ባቄላውን ከሥር እየዘረገፈ በምትኩ አሸዋ ይሞላል። ከአፉ ጥግ የባቄላ ገለባ ተንጠልጥሏል። ጅብ ባቄላ ይበላል? ይሄኛው ይበላል፤ የሌላ ከሆነ ድንጋይም ይበላል።

«ኧረ አያ ጅቦ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ዝም ብለሽ ተጫኚ። ባቄላው የሚሄደው ወዴት ነው?»

«ወደ ክምሩ።»

«ክምሩ የማን ነው?»

«የሁሉም።»

«የሁሉም ከሆነ የማንም አይደለማ! የማንም ያልሆነውን ብበላ ማንን በደልኩ?» ይህን በማሰቡ ራሱም ተገርሞ ከጎኑ የቆመውን ቀበሮ አየው።

ቀበሮ ጆንያውን እያሰረ፣ «ነገሩ ከተሰማ ንግዱ ይቆማል፣ እመት አህዪት» አለ ለስለስ ብሎ። «ጨዉም ይቆማል። ውርንጭላሽ እንዴት ነው? ወፈረ አሉ።»

አህዪት ጀርባዋን ሰጠች። አሸዋ ከባቄላ ይከብዳል። መንገዱን ሙሉ ጀርባዋ ሲነግራት ሄደ።

በማግስቱ ዝንጀሮዎቹ ወንዙ ዳር ተሰልፈው የወዲህኞቹን ጠሩ። ሊቀመንበራቸው ጆንያውን ገለበጠው። ከላይ ባቄላ፣ ከሥር አሸዋ።

«ማን ነው?» አለ።

ቀበሮ ወደ ፊት ወጣ። «የተከበራችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ከእኛ ሲወጣ ሙሉ ነበር። ግን ጆንያው እናንተ ዘንድ አድሯል። በማን እጅ? በዋሲቱ እጅ። እኛ በሰው አገር ጉዳይ አንገባም፤ ሆኖም ከእናንተው መካከል ጉንጩ ሥር የሚደብቅ እንዳለ ሰምተናል።»

የአህዪት ሁለት ጆሮዎች ወደቁ።

የእትዬ ዝንጀሪትን አፍ በግድ ከፈቱ። አንዲት እንኮይ ወጣች።

በዚህ መሀል የአያ ጅቦ ሆድ አጉረመረመ። ጥሬ ባቄላው ነፍቶት ነበር፤ ወንዙን ተሻግሮ የሚሰማ ጩኸት አሰማ።

«ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ» አለ ቀበሮ፣ የጠራውን ሰማይ እያየ።

ከወዲህ ማዶ የመጣው ሁሉ ሰማ። ሁሉም ሰማዩን አየ።

እትዬ ዝንጀሪት ግን አህዪትን ነበር የምታየው። በቁጣ አይደለም። እንደሚጠብቅ ሰው። አህዪት ለማይረባው ሁሉ የምታናፋ፣ ድምፅዋ ሦስት ኮረብታ የሚሻገር ነበረች። አፏን ከፈተች። ውርንጭላዋ ትዝ አላት። ከዚያ አንገቷን ደፋችና፣ ሣር በሌለበት አሸዋ ላይ እንደምትግጥ ሆነች።

ንግዱ አልቆመም። እንዲያውም ደራ። ዝንጀሮዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ጨው ጨመሩ። ቀበሮ በሸንጎ ተነስቶ፣ «ማዶዎቹ አይታመኑም ብለን አልነበር? ይኸው ራሳቸው ከመሀላቸው ሌባ ያዙ!» ሲል ሁሉም መሬቱን እየደበደበ ደስታውን ገለጸ። የአህዪትም ኮቴ አብሮ ደበደበ። ቆይታ ኮቴዋን አየችው፤ የሌላ ኮቴ መሰላት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዙ ዳር ትወርዳለች። ማዶ፣ ገደሉ ጠርዝ ላይ፣ መንጋው ተቃቅፎ ይታያል። ከታች፣ ለብቻዋ፣ ጀርባዋን ለነፋሱ የሰጠች አንዲት ሽበታም። አንድ ምሽት ስትወርድ ከታች ያለው ድንጋይ ባዶ ነበር። መንጋው ከላይ እንደወትሮው ተቃቅፏል።

ቤቷ ስትመለስ ውርንጭላው የጨዉን ቋጥኝ እየላሰ አገኘችው።

«እማዬ፣ ነይ ላሺ። ይጣፍጣል።»

«ላስ አንተ፣ ልጄ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «እኔ ጠግቤያለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የጎረቤታችን ሥርዓት ይታመናል አይታመንም እያልን ስንከራከር የራሳችንን ጆንያ መፍታት እንደምንረሳና፣ የዝምታችንን ዕዳ የሚከፍለውም እኛን አምኖ ዋስ የሆነው ያው ጎረቤት እንደሆነ ነው።