ዛጎልና የአምባዛ ጢም

ተረቴን ይዤ መጣሁ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

«ልጄ፣ እግር ባይኖርሽም ብልሃት አይጥፋሽ» ትላት ነበር እናቷ፣ በሁለት ቅርፊት መካከል የምትኖረው እመት ዛጎል ገና የምስር ፍሬ ታህል በነበረችበት ጊዜ። ዛጎል አደገችና በሐይቁ ዳር አሸዋ ውስጥ ወለደች። ልጆቿ እንደ ጤፍ ደቃቅ፣ ቁጥራቸውም የትየለሌ ነበር፤ ሁሉንም በአፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋቸው ነበር። በጋው ሲበረታ ግን ውሃው እየሸሸ ሄደ። ልጆቿ ወደ ጥልቁ ካልገቡ ደርቀው መቅረታቸው ነው።

አምባዛ የተባለው ዓሣ ረጅም ጢሙን እያወዛወዘ ሲያልፍ አየችው።

«አያ አምባዛ፣ እባክህ ልጆቼን ወደ ጥልቁ አድርስልኝ።»

«እኔ ባለጢሙ ሞግዚት ልሁን? አንቺ ሴትዮ፣ ቀኑን ሙሉ አፍሽን ከፍተሽ የምታስቢው ይሄንን ነው?» ብሎ ሳቀባት።

«እሺ፣ ይቅር። ግን ያ የሚያምር ጢምህ ጭቃ ነክቶታል፤ ሰው ቢያይህ ምን ይልሃል? ጠጋ በል፣ ላጥብልህ።»

አምባዛ ክው አለና አገጩን ደቀነላት። እሷም በአፏ የያዘችውን ንጹህ ውሃ ከነልጆቿ እፍ አለችበት። ልጆቿም ጢሙን ሙጭጭ አድርገው ያዙ።

«አሁንስ አማረብኝ?»

«እንደ ሙሽራ!»

አምባዛ ልጆቿን መሸከሙን ሳያውቅ፣ ጢሙን ለዘመዶቹ ሊያሳይ እየተንጎራደደ ወደ ጥልቁ ወረደ።

ዛጎልም ውሃው እስኪረጋ ጠበቀችና፣ ገላዋን በአሸዋው ላይ ጎተት አድርጋ ልጆቿ ወደሄዱበት ጥልቅ አንዲት ጣት ያህል ተጠጋች።