የመጽሐፉ ተቺና እህቱ

አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ነበረ። ዕውቀቱን የሚጠራጠር አልነበረም። አንድ ቀን የመጽሔት አዘጋጆች ጠሩትና ስለ ገንዘብ ቀውስ የተጻፈ፣ በዓለም ሁሉ የተከበረ አንድ የቆየ መጽሐፍ ሰጡት። «ሁሉም ያወድሰዋል፤ አንተ ጉድለቱን አሳየን» አሉት።

ደስ አለው። ትልቅ መጽሐፍ የሚተች ትልቅ ይመስላል።

መጽሐፉ ባንኮች እንዴት እንደሚወድቁ፣ ሰው ጎረቤቱ ሲያተርፍ አይቶ እንዴት ገንዘቡን ይዞ ተንጋግቶ እንደሚገባ ይተርካል። መምህሩ አነበበ፣ አሰመረ፣ ጉድለቱንም አገኘ። ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ? «ደራሲው ቀውሱን የሚያየው ከሩቅ ቆሞ ነው። የከሰሩትን ሰዎች ፊት አንድም ጊዜ አላየም።»

እውነት ነው? እውነት ነው። ጥሩ ትችት ነው።

በዚያው ሳምንት ታላቅ እህቱ ደወለችለት። ስንዱ ትባላለች። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ልብስ እየሰፋች ነው ያስተማረችው።

«ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አለችው። «ሰፈራችን አንድ ድርጅት ተከፍቷል። ገንዘብ ያስገባ በየወሩ ትርፍ ይቀበላል። ጎረቤቶቼ ገብተው እየተቀበሉ ነው። እኔም የስፌት ሱቄን ሸጬ ልግባ እያልኩ ነው። አንተ የተማርክበት ነው፤ እንዴት ታየዋለህ?»

እንዴት አየው? ገና ሳትጨርስ ገባው። የኋለኛውን ሰው ገንዘብ ለፊተኛው ትርፍ ብሎ የሚከፍል ድርጅት ነው። አዲስ ሰው መግባቱን ሲያቆም ይወድቃል። ግን ስንዱ በአንድ ቃል የምትመለስ አልመሰለችውም፤ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ሊያስፈልገው ነው። የጀመረው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ሊጠፋበት ነው።

«እትዬ፣ አሁን ጽሑፍ ላይ ነኝ። እሁድ መጥቼ በደንብ እናወራለን» አላት።

«እሺ፣ ሥራህን ሥራ» አለችው።

እሁድ መጣ። መደምደሚያው አላማረውምና ሲያስተካክል ዋለ። የሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ አለፈ። ስንዱ ዝም ሲላት፣ ክፉ ነገር ቢኖረው ይነግረኝ ነበር ብላ ሱቋንም የስፌት መኪናዎቿንም ሸጣ ገንዘቡን ድርጅቱ ውስጥ አስገባች።

ትችቱ ታተመ። ስለ ከሰሩት ሰዎች ፊት የጻፋትን ዐረፍተ ነገር ሰዎች እየጠቀሱ አመሰገኑት።

ድርጅቱ ደግሞ አንድ ጠዋት ሳይከፈት ቀረ። ባለቤቶቹ ገንዘቡን ይዘው የት እንደገቡ አልታወቀም።

መምህሩ ወሬውን ሰምቶ ሄደ። ስንዱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ታውቅ ነበር እንዴ?» አለችው።

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

 «ምን ታደርግ፣ ሥራ ይዘህ ነበራ» አለችው።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲህ እየሄደ ይጠይቃታል፤ የሚሰጣትንም ትቀበለዋለች። ምክር ግን ዳግመኛ ጠይቃው አታውቅም።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ዋሸ? አልዋሸም። ሰረቀ? አልሰረቀም። የጻፈው ስሕተት ነበረበት? የለበትም። ታዲያ እህቱ ለምን ባዶ እጇን ቀረች?

እናንተስ? ስለ ድሀ ስትናገሩ ያምርላችኋል። የሌላውን ጸሎት፣ የሌላውን ትዳር ጉድለት ለይታችሁ ታውቃላችሁ። ከቤታችሁ፣ ከጎረቤታችሁ «ላማክርህ»፣ «ላማክርሽ» ያላችሁን ሰው ግን ምን አላችሁት? እግዚአብሔር ያሳወቃችሁ ለማን ብሎ ይመስላችኋል?

ስንወጣ በር ላይ ስብከቱ ጥሩ ነበር አትበሉኝ። እናንተ የምታውቁት እውነት የሚያድነው ሰው ካለ፣ እኔን እለፉኝና ወደ እሱ ሂዱ።