ከድልድዩ በፊት ያለቀው ዓለም

አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ መንደር በስኮትላንድ፣ ከወንዝ ዳር ነበረች። ዘመኑ የንግሥት ቪክቶሪያ ነው። የመንደሯ ወንዶች እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀይ ነበር፤ ቀለሙ በሳሙና አይለቅም። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የከሰል ቆፋሪዎች መንደር አለች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ የእንጨት ድልድይ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሥራ ሲፈታ አቅላሚዎቹ ድልድዩን ተሻግረው በቆፋሪዎቹ ሜዳ ኳስ ይጫወታሉ። ጥሩ ልማድ ነበራቸው፦ የተሸነፈው ያሸነፈውን ቤቱ ወስዶ ሾርባ ያበላል። ዛሬ ያበላ ሳምንት ይበላል፤ ቂም የሚባል ነገር የለም።

የቆፋሪዎቹ አጨዋወት ግን ሸካራ ነው። ኳሷን ይዘህ ትንሽ ከዘገየህ ቁርጭምጭሚትህን ተሰናበት። በዚህ የተነሳ አቅላሚዎቹ ሳይወዱ በግድ አንድ ነገር ተማሩ፤ ኳስ እንደደረሰቻቸው ለጓደኛ ማቀበል። ልብ በሉ፣ ያኔ በብዙ ቦታ ኳስ ጨዋታ ማለት አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ እስኪነጥቁት ድረስ እየነዳ መሄድ ነበር። አቅላሚዎቹ ግን ሲቀባበሉ የሚይዛቸው ጠፋ። የስኮትላንድን ዋንጫ በሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ስኮትላንድ የራሷ ዋንጫ ነበራት፣ እንግሊዝም የራሷ። ከሁለቱ በላይ የሚቆም ዋንጫ ግን አልነበረም። ስለዚህ ባለዋንጫዎቹ አንዳንዴ በራሳቸው ስምምነት ድንበር ተሻግረው ይገጥሙ ነበር። በዚያ ዓመትም የእንግሊዙ ባለዋንጫ በባቡር መጣና በአቅላሚዎቹ አራት ለአንድ ተሸንፎ ተመለሰ።

የአቅላሚዎቹ ክለብ ሊቀመንበር፣ የማቅለሚያ ፋብሪካውም ባለቤት ሚስተር ፑርዲ ወዲያው ሰሌዳ አሠሩ። በፋብሪካው ቀይ ቀለም «የዓለም ሻምፒዮን» አስጽፈው በክለቡ በር ላይ ሰቀሉት። ዓለም ያሉት ሁለት አገር ነው። ግን ማን ይከራከራቸዋል? የቀረው ዓለም ስለዚህ ጨዋታ ገና ብዙም አልሰማም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆፋሪዎቹ ሜዳቸው ላይ ቢጠብቁ የሚመጣ የለም። አምበላቸው ሮሪ ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ድልድዩን ተሻገረ። ሮሪ የአቅላሚዎቹን አምበል የአንጉስን እህት ያገባ ሰው ነው።

«ምነው? ዝናብ የለ፣ ለቅሶ የለ፤ ምን ሆናችሁ ቀራችሁ?»

ሚስተር ፑርዲ ሰሌዳውን በከዘራቸው አሳዩት። «የዓለም ሻምፒዮን ከጎረቤት ጋር አይጫወትም። ብትረቱንስ? ሰሌዳው ምን ሊሆን ነው?»

«ያለፈው ወር ረትተናችሁ የለም እንዴ?»

«ያኔ ሰሌዳ አልነበረንም።»

ሮሪ ሳቀ። «እንግዲያው ዓለም የሚያልቀው ከድልድዩ ወዲህ ነዋ። እኛ ማዶ ያለነው የሌላ ዓለም ሰዎች ነን።» ከዚያ ወደ አንጉስ ዞረ። «አንተስ፣ አማቼ? እህትህ ሾርባ ጥዳለች።»

አንጉስ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። እንጀራው በሚስተር ፑርዲ እጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሰሌዳው ደስ ብሎት ነበር። ሮሪ ትንሽ ጠበቀው፤ ከዚያ ጫማውን እንዳንጠለጠለ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ አቅላሚዎቹ በፋብሪካው ግቢ እርስ በርሳቸው ብቻ ተጫወቱ። የዓለም ሻምፒዮንን እግር ማን ደፍሮ ይመታል? የሚነጥቅ ሲጠፋ የሚያቀብል ጠፋ። አንጉስ ራሱ ኳስ ይዞ መቆየት ለመደ።

ዓመት ሲሞላ የእንግሊዙ ክለብ የመልስ ጨዋታ ጠየቀ። አቅላሚዎቹ እየዘፈኑ በባቡር ወደ እንግሊዝ ወረዱ። እንግሊዞቹ ግን ከሽንፈታቸው ተምረው፣ መቀባበልን አጥንተው ጠበቋቸው። ጨዋታው ስድስት ለባዶ አለቀ። አንጉስ ኳስ በያዘ ቁጥር ይነጠቅ ነበር።

አገሩ እንደደረሰ አንጉስ ቤቱ አልገባም፤ ከባቡሩ ወርዶ በቀጥታ ድልድዩን ተሻገረ። ሮሪን በሩ ላይ ቆሞ አገኘው።

«ቅዳሜ እንጫወት» አለው። «ሚስተር ፑርዲ ያባርሩኝ፤ ግድ የለኝም። እናንተ ከሌላችሁ እኛ ምንም አይደለንም።»

«ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» አለ ሮሪ። «ክረምቱን በሙሉ ጠበቅናችሁ። የሚገጥማቸው ሲያጡ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። እኔና ጥቂት ሽማግሌዎች ቀረን።»

«ሜዳውስ?»

«ድንች ተከልንበት። ባዶውን ከሚቀመጥ ብለን።»

እህቱ ከውስጥ ጠራቻቸው። የድንች ሾርባ በሳህን አቀረበችለት። አንጉስ ማንኪያውን መልሶ አስቀመጠና «የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ማብላት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለ።

«ብላ እንግዲህ» አለ ሮሪ። «ጎል ከነበረበት ቦታ የወጣ ድንች ነው።»

አንጉስ በላ።

ሰሌዳው እስከ መጨረሻው አልወረደም። ዝናብ ባጠበው ቁጥር ሚስተር ፑርዲ እንደገና ያስቀቡት ነበር።

ወዳጆቼ፣ ትልቅ ያደረገን ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣው ባለጋራ አይደለም፤ በየሳምንቱ እግራችንን የሚመታን ጎረቤት ነው። ስምን ከሽንፈት ለመጠበቅ ሲባል በር የተዘጋበት ጎረቤት፣ በሩ ሲከፈት ቆሞ አይጠብቅም። ይቅርታ ያደርግልን ይሆናል፤ ሾርባም ያበላን ይሆናል። ሜዳው ግን ታርሷል።

እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ በራችሁ ላይ ሰሌዳ ከተሰቀለ ወዲህ ድልድዩን መሻገር ያቆማችሁት ወደ ማን ነው?