የግራውታሏ ኦቲልያ እና ሬንጅ የተቀባው ሰንሰለት

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ፤ ለእኔ የነገሩኝ ሰዎች ራሳቸው ሲነገራቸው ያደጉት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ እስክጨርስ ማንም እንዳያስል። ለምን እንደሆነ በኋላ ትሰማላችሁ።

ጀርመን አገር፣ ግራውታል በምትባል የተራራ መንደር፣ ኦቲልያ የምትባል የልብስ አጣቢ ልጅ ነበረች። የመንደሩ ወንድ ሁሉ መዳብ ቆፋሪ ነው። ጠዋት በብረት ሳጥን ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ማታ በዚያው ይወጣል። ሳጥኑን የያዘው አንድ ሰንሰለት ነው።

አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተበጠሰ። የኦቲልያ አባት እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልቧ አላረፈም። ወንድሟ ኮንራድ በወረደ ቁጥር እስኪወጣ እህል አትቀምስም። የተሰነጠቀ ድስት ሲመታ ድምፁ እንደሚታፈን ታውቃለች። ብረትስ? መዶሻ ይዛ የመንደሩን ብረት ሁሉ ስታንኳኳ ዋለች። «ልጅቷ ለየላት» አሉ። ይበሏ! ሰው አፉን በምን ይዘጋል?

ከተማ ወርዳ ዩኒቨርሲቲ ልግባ አለች። «ሴት አናስገባም» አሏት። ክረምቱን በር ላይ ቆማ ትምህርቱን ሰማች። በሚቀጥለውም ክረምት ቆመች። በሦስተኛው ክረምት አንድ ሽማግሌ መምህር፣ «ኧረ ግቢ ልጄ፣ ብርዱ ሊገድልሽ ነው» አሏት። ገባች። ፊዚክስ ተማረች፤ ዶክተር ተባለች።

ዶክተር ተባለችና ምን ሰጧት? ምድር ቤት፣ ከድንጋይ ከሰሉ ጎን! በዋናው በር እንዳትገባም ከለከሏት። እዚያ ተቀምጣ ደህና ብረት እንዴት እንደሚጮህ፣ የታመመው እንዴት እንደሚታፈን ለካች። አንድ ቀን ከኮንራድ ደብዳቤ መጣ። «እህት ዓለም፣ ደስ ይበልሽ። እንደ ልማዳችን ለዓመት በዓሉ ሰንሰለቱን ሬንጅ ቀባነው። አዲስ መስሏል።»

ደብዳቤውን እንደያዘች ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጠች። ሬንጅ ስንጥቁን ይሸፍናል፤ ድምፁንም ያፍናል። ባቡሩ ላይ ሆና መንገዱ አላልቅ አላት። «ከወረደ በኋላ ብደርስስ?» ትላለች። ደግማ ትላለች።

በበዓሉ ማግስት ጠዋት ደረሰች። ወንዶቹ ተሰልፈዋል፤ ኮንራድ ፊተኛው ነው። ሬንጁን በቢላ ፋቀች፣ መታች፣ አደመጠች። ፋቀች፣ መታች፣ አደመጠች። አንዱ ቀለበት ላይ ድምፁ ሞተ።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰንሰለት ሰው አያወርድም» አለችው የጉድጓዱን አለቃ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ያወረደ ነው!» አለ አለቃው። «ሂጂ ወደ መጽሐፍሽ!»

ሄዳ ሳጥኑ ውስጥ ተቀመጠች። ኮንራድ በሀፍረት ቀላ። «እባክሽ እህቴ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«ተዋረድ። ግን ኑር።»

ሊጎትቷት መጡ። ያን ጊዜ ኮንራድ መዶሻውን አነሣ። «ዝም በሉ!» አለ። አንዱ ሲያስል ተቆጣው። ቀለበቱን መታው፤ ጆሮውን ሰጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እሷን አወጣና በሰዎቹ ክብደት ልክ ሳጥኑን ድንጋይ ሞልቶ አወረደው። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ድንጋዩ ታች ሲደርስ ተሰማ።

ሰዉ ሁሉ እያለቀሰ እጇን ሳመ። እሷ ግን ኮንራድን ብቻ ታየው ነበር። «ያኔስ?» አለችው። «አባባ የወረደ ቀን ሰንሰለቱ ሬንጅ ነበረው?»

ኮንራድ መሬት መሬት አየ። «የበዓል ማግስት ነበር» አለ። «የቀባውም አባባ ራሱ ነው። እንዲያምርለት ብሎ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራውታል ውስጥ ሰንሰለት ሬንጅ አይቀባም። ከመውረዳቸው በፊት አንዱ ይመታል፤ ሌላው እስትንፋሱን ይይዛል። አምሮ የተሸፈነ ነገር ሲያዩም «ኦቲልያ ትስማው» ይላሉ።

በሉ፣ አሁን ማሳል ትችላላችሁ።